የመምረጫ አምስት ብር

ገነነ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከአገር ቤት መጥቶ ፒያሳ በአጎቱ ሱቅ ዕቃ ያቀብል በነበረበት ጊዜ፣ ሁለት ሴቶች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ሲጫወቱ ሰምቶ ነበር። አንደኛዋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች፣ «የባለሱቅ ሚስት መሆን ነበር እንጂ! ሳሙና አለቀ የለ፣ ስኳር አለቀ የለ፣ እጅን ወደ መደርደሪያ መስደድ ብቻ» አለች። ምናልባት ስኳር ሳይሆን ዘይት ይሆናል ያለችው፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛዋ ምን ብላ እንደመለሰችላት ጨርሶ ጠፍቶታል። የማይረሳው የአጎቱ ሚስት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና መሳቋን ነው። ሳቋ ረዘመ፤ አጎቱ ስኳር መመዘኑን ትቶ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ረዘመ። ጨዋታው ግን ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም።

ያ ሳቅ ዛሬ ጠዋት ሳይጠራ መጣበት። አፍንጮ በር ካለው ሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ መኝታም ሳሎንም ማድ ቤትም የሆነች አንዲት ክፍል አለች። ገነነ ክብሪት ፍለጋ እጁን ከዱቄቱ ባልዲ ኋላ ሲሰድ የሳልሳ ቆርቆሮ ጨበጠ። ገና ሳያየው እጁ አንድ እንግዳ ነገር ነገረው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ወደ ብርሃን አወጣው። ሳልሳው እሱ ራሱ የሚሸጠው ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ቀይ ቲማቲም፣ ያው መጠን። ከመጋረጃው ወዲያ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት መደርደሪያ ላይ እንደ ወታደር ተሰልፎ የቆመው ሳልሳ ወንድም ነው። አናቱ ላይ የተለጠፈችው ነጭ ወረቀት ግን የእሱ አይደለችም። የመስታወቱ ናት።

መስታወቱ ማለት ከድልድዩ ወዲያ ወደ ፒያሳ ሲወጡ በአዲሱ ሕንጻ ሥር የተከፈተው ሱፐርማርኬት ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ የፈረንጅ ስም ነው፤ ሠፈሩ ግን ምላሱን አላደከመም፣ ከጣሪያ እስከ መሬት መስታወት ስለሆነ መስታወቱ ብሎት ዐረፈ። የዶሮ ማነቂያ ሠፈር ፈርሶ ሰው ከተነሣ ወዲህ ገበያው እንደ ድሮው አልነበረም፤ መስታወቱ ሲመጣ የቀረውን ተካፈለ። እነዚያ ለሃያ ዓመት የገነነን በር ሳይሳለሙ የማያልፉ ደንበኞች አሁን በማዶ ይሄዳሉ። ከረጢታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ልክ ከመጠጥ ቤት እንደወጣ ዲያቆን። ማታ ማታ ደግሞ ይመጡና፣ «ጋሼ ገነነ፣ እንደምን ዋሉ፣ ክብሪት ይኖራል?» ይላሉ። ሩዙን፣ ዘይቱን፣ ፓስታውን ከመስታወቱ፤ ክብሪቱንና ሰላምታውን ከገነነ። ገነነ በዚህ አልተማረረም። በልቡ፣ «ሰው ወደ ርካሹ ይሄዳል፣ እኔም ብሆን እሄዳለሁ» እያለ የእንቁላሉንም የሳሙናውንም ዋጋ ዝቅ አደረገ፤ ከእያንዳንዱ ላይ ትርፉን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ልጦ ልጦ፣ ከመስታወቱ በታች አወረደው።

ለዚህ ነው የነጯ ወረቀት ዋጋ ያደነዘዘው። መቶ ሠላሳ አምስት ትላለች። እሱ የሚሸጠው መቶ ሠላሳ ነው። ቢረክስ ኖሮ ይገባው ነበር። ሚስቱ ተናኘወርቅ ከገዛ ባሏ ሱቅ በነጻ የምታገኘውን ዕቃ፣ ድልድይ ተሻግራ፣ ዳገት ወጥታ፣ አምስት ብር አስወድዳ ገዝታ፣ ከዱቄት ኋላ ደብቃዋለች።

ይህ በሌላ ቀን ቢሆን የባልና የሚስት ነገር ነበር። ዛሬ ግን የመሐላ ቀን ነው። የአፍንጮ በር ባለሱቆች ዕቃቸውን ከመርካቶ በጋራ በአንድ አይሱዙ ያስጭናሉ፤ አንድ ላይ ሲገዙ አከፋፋዩ ዋጋ ይቀንስላቸዋል፣ የጭነቱንም ይካፈላሉ። ከዚያች አይሱዙ የወጣ ሰው በየካርቶኑ ለታክሲ እየከፈለ ሱቁን ከዓመት ዓመት ሊያደርስ አይችልም። ባለፈው ሳምንት ተሰብስበው ስለ መስታወቱ ሲያማርሩ ገነነ ነበር ብድግ ብሎ፣ «ለደንበኛ ሕግ ማውጣት አንችልም፤ ለራሳችን ግን እንችላለን። ቤተሰቡ ከመስታወቱ የገዛ ባለሱቅ ከአይሱዙዋ ይውረድ» ያለው። ተጨበጨበለት። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በጎረቤቱ በአብዱልሰላም ሱቅ ውስጥ ተሰብስበው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእምነቱ፣ «የእኔ ቤት ንጹሕ ነው» ብሎ ይምላል። ሐሳቡ የገነነ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚምለው ገነነ ነው።

ተናኘወርቅ ገብታ ቁርስ አቀረበች። ፍርፍር ነበር፤ ቀይ ነበር፤ ገነነ ቅላቱን እያየ ጎረሰ። ከዚህ ቀደም ሳይታወቀው ስንት ጊዜ የመስታወቱን ሳልሳ እንደበላ እግዚአብሔር ይወቅ። እሷ ስለ ጎረቤት ልጅ ትኩሳት አወራች፤ እሱ «እግዜር ይማረው» አለ። ከዚያ ዝም አሉ። ባልና ሚስት አብረው ብዙ ሲኖሩ ዝምታውም እንደ ቤት ዕቃ ነው፤ የት እንደተቀመጠ ስለሚያውቁት አይደናቀፉበትም። ዛሬ ግን መሐል ላይ ተገትሮ ነበር።

«ጊዮርጊስ ተሳልሜ ልምጣ» አለች ነጠላዋን እየያዘች። «በዚያው እግሬን አፍታትቼ እመለሳለሁ።»

«እሺ» አለ።

እሷ እንደወጣች ገነነ ባንኮኒው ላይ ክርኑን ተክሎ ብዙ አሰበ። በውሸት መማል አይችልም። ሰውየው አፉን በጸሎት ከፍቶ በጸሎት የሚዘጋ ነው፤ ሚዛን ላይ እንኳን ጣቱን አሳርፎ አያውቅም። አይሱዙዋንም ማጣት አይችልም። ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ባለሱቅ ብቻ ሊያስበው የሚችለው መፍትሔ መጣለት። የተመለሰ ዕቃ እንዳልተሸጠ ይቆጠራል። ይህ የታወቀ ነው፤ በእሱም ሱቅ የሚሠራበት ነው። እንግዲያው ሳልሳው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ወደ መስታወቱ ከተመለሰ፣ ቤቱ ከመስታወቱ አልገዛም። መሐላው ንጹሕ ነው፤ ነፍሱም አይሱዙዋም ይተርፋሉ። ያለፉትን ሳልሳዎች አላያቸውም፤ ያላየውን ደግሞ አያውቅም። ቆርቆሮውን ኮቱ ኪስ ከተተ፣ ሱቁን ዘግቶ ቆለፈ፣ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረደ።

እስከ መስታወቱ በር ድረስ ሐሳቡ ፍጹም ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንኳን ደህና መጡ አባባ» ሲለው ግን ኪሱ ከበደው። ደረሰኝ የለውም። አንድ ሽማግሌ ኪሱ ውስጥ የመስታወቱ ወረቀት የተለጠፈበት ሳልሳ ይዞ ቢገኝ፣ ሊመልስ ነው የመጣው ብሎ የሚያምን ማን ነው? ወደ ሒሳብ ተቀባዮቹ አላለም። ብሩ ይቅር፣ ብሎ ወሰነ፤ ከወሰደችበት ቦታ መልሼ አስቀምጬው ልውጣ። በዚህች አገር ወደ ሱቅ ሰርጎ ገብቶ ዕቃ ለመተው የተንቀጠቀጠ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ዘፈን ይሰማል። ባንኮኒ የለም፤ ወይም ለገነነ እንደመሰለው፣ ሕዝቡ ሁሉ ባንኮኒውን አልፎ ገብቷል። ሁሉም እንደፈለገ ያነሣል፣ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንዲት ሴት ሻምፖ ከፍታ አሽትታ ዘጋችና ሌላ አነሣች። በገነነ ሱቅ ይህን ያደረገ ሰው፣ «እመቤት፣ ይገዛሉ ወይስ ይጎበኛሉ?» ይባላል። እዚህ ማንም ምንም አላላትም።

ሳልሳውን አገኘ። ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቆርቆሮውን ከኪሱ አውጥቶ ከወንድሞቹ መሐል አቆመው። ተገላገለ። እዚያው መሄድ ነበረበት። ግን መደርደሪያው የተዝረከረከ ነበር፤ ግማሹ ቆርቆሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፣ አዲሱ ከፊት ሆኖ አሮጌው ከኋላ ቀርቷል። ዕድሜ ልኩን መደርደሪያ ሲያስተካክል የኖረ እጅ ይህን አይቶ አያልፍም። አንዱን አዞረ፣ ሌላውን አስከተለ፣ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ረድፍ ጀመረ። አንድ ጎልማሳ መጥቶ፣ «ፋዘር፣ ማካሮኒው የት ነው?» አለው፤ ገነነ ቀና ሳይል «ከኋላህ፣ በስተግራ» አለ። እውነትም እዚያ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ቢያሳልፉኝ?»

ድምፁን ያውቀዋል፤ እንዲህ ለስልሶ ግን ሰምቶት አያውቅም። ጎንበስ እንዳለ ጥግ ያዘ። የተናኘወርቅ እጅ ከራሱ በላይ ወደ መደርደሪያው ሲዘረጋ አየ። አንድ ሳልሳ አነሣች፤ ዙሪያውን አገላበጠች፤ ጠርዙ ላይ በጣቷ ዳበሰችና መለሰችው። ሌላ አነሣች። እሱንም መለሰችው። አትቸኩልም። ፊቷን ከሥር ሆኖ ሲያየው፣ ልጅ ሳለች ለበዓል ጨርቅ ስትመርጥ የነበራት ፊት መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ እሱ ያላየው፣ ከእሱ በፊት የነበረ ፊት። በመጨረሻ አንዱን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ ረክታ፣ ቅርጫቷ ውስጥ ልታኖረው ስትል ገነነ ካነሣችበት ቦታ አወቀው። ገና አሁን ከኪሱ ያወጣው ነው።

«እሱን ተይው ተናኝ» አለ ከመሬት። «አንድ ጊዜ ከፍለሽበታል።»

አልጮኸችም። ቁልቁል አየችው፤ ከዚያ ቆርቆሮውን አየችው።

«ገነነ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ገበያ ነኝ።»

ጉልበቱን ይዞ ሲነሣ፣ በሩዙ መደርደሪያ ጫፍ አንድ የሚያውቀው ሰማያዊ ሻርፕ ከነቅርጫቱ እጥፍ ብሎ ሲሰወር አየ። ዐፊፋ ናት፤ የአብዱልሰላም ባለቤት። የመስታወቱ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ደግሞ ኢልሀም የሚል ስም ደረቷ ላይ ለጥፋ ፈገግ እያለች ቀረበች። «እትዬ ተናኝ! ዛሬ ከባለቤትዎ ጋር ነዎት? እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ሳልሳው አልተገኘም እንዴ? ከኋላ አዲስ ካርቶን ልክፈትልዎት?»

«ተገኝቷል የኔ ልጅ፣ ተባረኪ» አለች ተናኘወርቅ፣ እንደ ወይዘሮ።

ልጅቷ ስትሄድ ገነነ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከእኔ በአምስት ብር ይወደዳል» አለ። ይህን ነገር ከጠዋት ጀምሮ ሲያላምጠው ነበር።

«አውቃለሁ። እሱ የመምረጫ ነው።»

«የምን መምረጫ?»

«አንተ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ደህና ቆርቆሮ ከፍቼ አላውቅም። ጎኑ የገባውን፣ የዛገውን፣ ደንበኛ አልወስድም ብሎ የመለሰውን ነው ወደ ጓዳ የምታሳልፍልኝ። ሳሙናው ልባሱ የተቀደደ ነው። ብስኩቱ ዱቄት ነው። ፓስታው አይጥ ያየው ነው። ‹ይሄ አይሸጥም፣ ለቤት ይሁን› ትላለህ። ክፋት የለህም፣ አውቃለሁ። ግን እኔም አንድ ቀን የሚሸጠው አማረኝ።»

ገነነ ጠዋት እጁ የነገረው አሁን ገባው። ቆርቆሮው ክብ ነበር። በገዛ ቤቱ ክብ ቆርቆሮ ጨብጦ አያውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ ደንበኛን ከመስታወቱ ጋር ሲሻማ፣ አንዲት ደንበኛ ከመጋረጃ ጀርባ እንደነበረችው አልቆጠራትም።

«ዛሬ ልምል ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «ቤቴ ንጹሕ ነው ብዬ። አለዚያ አይሱዙዋ…»

«ሕጉን ስታወጣ ጠየቅኸኝ?»

አልጠየቃትም። ቅርጫቱን ከእጇ ተቀበላትና ተከተላት። ሒሳብ ስትከፍል፣ ሳልሳው አስቀድሞ የተከፈለበት መሆኑን ለሒሳብ ተቀባይ ልጆቹ የሚያስረዳበት ቋንቋ አልነበረውም፤ እሷም አልሞከረችም። ስለዚህ መስታወቱ አንዲቷን ሳልሳ ሁለት ጊዜ ሸጣት። ገነነ በዚህ ንግድ ውስጥ ሲኖር እንዲህ ያለ ትርፍ አይቶ አያውቅም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ተናኘወርቅ ወንዙን እያየች፣ «ከጠላህ መስታወቱ አልሄድም። ከአንተም ሱቅ ግን አልወስድም» አለች።

«ታዲያ ከየት ልትወስጂ?»

«ደንበኛዬ ከሚለኝ ሰው።»

በዘጠኝ ሰዓት የአብዱልሰላም ሱቅ ሞልቷል። አብዱልሰላም እንደ ወትሮው ዱካው ላይ ተቀምጧል። ይህ ሰው ከዱካው የማይነሣ ሰው ነው፤ ከላይ ያለውን ዕቃ ጫፉ ላይ ሽቦ ባሰረበት ረጅም እንጨት እያወረደ፣ ቀልቦ ይሰጣል። ስለ መስታወቱ ሲናገር ግን እንጨቱን እንደ በትር ይነቀንቀው ነበር። «ሚስቱ እዚያ የምትገባ ሰው ቤቱን ያልገዛ ሰው ነው!» አለ። «ወላሂ፣ ቤቱን ያልገዛ ሱቅ አይገዛም! በል ገኔ፣ ያንተ ሐሳብ ነው፣ ጀምር።»

ገነነ ተነሣ። መሐላው አፉ ላይ ደረሰ። ሁሉም እያየው ነው። በበሩ በኩል የራሱ ሱቅ ይታያል፤ ሰማያዊ ቀለሙ ለቅቋል፤ ገነነ ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም። አማተበ።

«አልምልም» አለ። «የእኔ ቤት ገዝታለች። ዛሬም ገዝታለች። ቅርጫቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ቀድሞ የጠየቀው ተክላይ ነው፤ በርበሬና እህል ነጋዴው፣ አፉ ከበርበሬው የሚፋጀው።

«ምን ገዛች?»

«ሳልሳ።»

«አንተ ሱቅ የሌለ ሳልሳ?»

«ያለ። ያው ነው።»

«ረክሶላት?»

«ተወድዶባት።»

ተክላይ ኮፍያውን አወለቀ። «ይሄማ ገበያ አይደለም፣ ኩርፊያ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ገነነ የተጨራመተውን ቆርቆሮ፣ የተቀደደውን ሳሙና፣ ዱቄት የሆነውን ብስኩት አንድ ባንድ ነገራቸው። ሲናገር አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ሌላው በድንገት ሳል ያዘው። በርካሽነት የመጣባቸውን ጠላት ያውቁታል፤ በዚህ በኩል ይመጣል ብሎ ግን የጠበቀ አልነበረም። ቀጥሎ መማል የነበረበት ተክላይ ነው። ተክላይ ኮፍያውን መልሶ አደረገና፣ ዛሬ ሰዓቱ ስለመሸ፣ ጉዳዩም ከባድ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢተላለፍ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፀሐይዋ ገና መሐል ሰማይን መልቀቋ ነበር። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። እንደዚያን ዕለት ተቻኩለው ወደየቤታቸው የገቡበት ቀን አይታወስም፤ ሁሉም ከዱቄቱ ባልዲ ኋላ እጁን ሊሰድ የቸኮለ ይመስል ነበር።

ገነነና አብዱልሰላም ብቻ ቀሩ። አብዱልሰላም እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ገኔ» አለ። «ሚስትህ እዚያ ብቻዋን ነበረች?»

ገነነ ሊዋሽ አይችልም፤ የሰው ሚስት ማሳጣትም አይሆንለትም። ወደ መደርደሪያው ዞሮ አቧራ የለበሱትን ሳልሳዎች ፊታቸውን ወደ ውጭ ማዞር ጀመረ። አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አብዱልሰላም መልሱን ከጀርባው አነበበ።

«የአላህ ያለህ!» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ ዐፊፋ እናቷን ልትጠይቅ የምትወጣ ነበር የሚመስለኝ።»

«ለቤት የምትሰጠው የትኛውን ነው?» አለው ገነነ።

አብዱልሰላም በእንጨቱ ከባንኮኒው ሥር ያለች አንዲት ካርቶን ጠቆመ። ውስጧ ያለውን ማየት አላስፈለገም። «ታዲያ ልጣለው?» አለ፤ ግን ድምፁ ውስጥ የቅድሙ ወላሂ አልነበረም። «በሚቀጥለው ሳምንት ምን ብለን ልንምል ነው?»

ገነነ ድልድዩ ላይ የሰማውን አሰበ። «ተናኝ ካንተ ሱቅ ትግዛ» አለ። «ዐፊፋ ከእኔ። ብራቸውን ከፍለው፣ እንደ ሰው። ያኔ ቤታችን ንጹሕ ነው ብለን እንምላለን፤ እውነትም ይሆናል።»

«የእኔ ሚስት ለአንተ ብር ልትከፍል?»

«የእኔም ላንተ።»

አብዱልሰላም ይህን በልቡ መዘነው፤ ትርፉም ኪሳራውም ያው መጣለት። «ይሁን» አለ።

«ተናኝ ባንኮኒውን አልፋ ትገባለች። በእጇ ትመርጣለች።»

«በእጇ? ሁሉን ልትነካካ?»

«ሁሉን። የተጨራመተም አትሰጣትም። ስትገባ ደግሞ ትነሣላታለህ።»

«ምን?»

«ከዱካህ። ብድግ ብለህ እንኳን ደህና መጡ ትላታለህ።»

አብዱልሰላም ሳቀ። ገነነ አልሳቀም። «እኔ ለደንበኛ ተነሥቼ አላውቅም» አለ አብዱልሰላም። «ከወረዳ ሲመጡ እንኳን ተቀምጬ ነው የማናግራቸው። ጉልበቴንም ታውቀዋለህ።»

«እኔ ለዐፊፋ እነሣለሁ» አለ ገነነ።

ውጭ አንድ የታክሲ ረዳት «ስድስት ኪሎ፣ የሞላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። አብዱልሰላም እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ ላይ አሳረፈ።

«እሺ» አለ። «እነሣለሁ።»